ብርቱካኑ ነው ወይስ አፈሩ?

«የክረምት ኦሊምፒክ» የሚለው ስም ወደ አማርኛ ሲመጣ ትንሽ ይወላገዳል። ውድድሩ የሚካሄደው በየካቲት ነው፤ የካቲት ደግሞ ለእኛ በጋ ነው። በእኛ ክረምት ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይጨቀያል፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት ያርፋል፤ የክረምት ስፖርት ቢባል ጭቃ ላይ ኳስ ከማሳደድ ሌላ የሚታሰበን የለም። «በረዶ» የሚለው ቃልም ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። ከሰማይ ወርዶ የገብሱን ዛላ የሚያራግፈውም በረዶ ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ የሚንሳፈፈውም በረዶ ነው፤ የኖርዌይ ልጅ እግሩ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት አስሮ የሚንሸራተትበትም ያው በረዶ ነው።

ይህን ያህል ከእኛ የራቀ ነገር ለምን አነሣሁ? ስለራቀ ነው። ሰው የገዛ ቤቱን ጣሪያ የሚያየው ከቤቱ ራቅ ብሎ ሲቆም ነው። ስለ ሩጫ ስናወራ ልባችን ይሞቃል፣ ባንዲራው ይታየናል፣ እንባችን ይቀድመናል። ስለ በረዶ መንሸራተት ስናወራ ግን የሚነካን ነገር ስለሌለ ጥያቄውን ረጋ ብለን ልንጠይቀው እንችላለን። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ አገር በአንድ ስፖርት ደጋግሞ ሲያሸንፍ ድሉ የማን ነው? የአፈሩ ነው? የደሙ ነው? ወይስ ላቡን ያፈሰሰው የዚያ የአንድ ሰው?

እ.ኤ.አ. በ2022 በቤጂንግ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ አንደኛ የወጣችው ኖርዌይ ናት፤ 16 የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደች። የሕዝቧ ቁጥር አምስት ሚሊዮን ተኩል ቢሆን ነው። ለምን አሸነፈች ተብለን ብንጠየቅ መልሱ አፋችን ላይ ነው፤ «በረዶ አላቸዋ!» ኖርዌጂያኑ ደግሞ የአርሲ ልጆች ለምን እንደሚያሸንፉ ቢጠየቁ «ከፍታው ነዋ! አየሩ ነዋ!» ማለታቸው አይቀርም። እኛም ስለ ራሳችን የምንለው ይህንኑ ነው። አየሩና በረዶው መልስ ሆኑ፤ ነገሩም አለቀ።

ዳሩ ግን አላለቀም። ሞንጎሊያ ብርድ ሞልቷታል፤ እስከ ቤጂንጉ ውድድር ድረስ ግን በክረምት ኦሊምፒክ አንድም ሜዳሊያ አላገኘችም። የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ አሰላንም በቆጂንም ቁልቁል የምታይ ከተማ ናት። ቦሊቪያ ግን እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ በየትኛውም ስፖርት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አላረፈም። በአንጻሩ ኔዘርላንድስን እንመልከት። ተራራ የሌላት፣ የምድሯም አንዱ ክፍል ከባሕር ወለል በታች የሆነ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 በሶቺ፣ ስለት በተበጀለት ጫማ በበረዶ ላይ በሚሮጠው የፍጥነት ውድድር፣ ከ36ቱ ሜዳሊያዎች 23ቱን ጠቅልላ የሄደችው ግን እሷ ናት። ሕዝቧ የውሃ ቦዮቹ ሲረጉ እላያቸው ላይ መንሸራተትን ለዘመናት ለመደ፤ ቦዮቹ መርጋት ሲያንሳቸው ደግሞ ትልልቅ አዳራሽ ሠርቶ ሰው ሠራሽ በረዶ አነጠፈ።

ከሩቁ አገር ወደ ቅርቡ እንምጣ። ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከመንገዱ በአንደኛው ጫፍ፣ ከአሰላ በኩል፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወጥቷል። በሌላው ጫፍ ከበቆጂ በኩል ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። ሳጉሬ መካከል ላይ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት፤ ጭላሎ ተራራ ለእሷም ይታያታል፤ ገብሱ፣ ስንዴው፣ ወተቱ፣ የማለዳው ውርጭ አንድ ነው። ልጆቿም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ስሟ ግን በዓለም አደባባይ እንደ በቆጂ አልተጠራም። አየር ብቻውን ሯጭ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ፣ አየር አጥር የለውምና፣ ሳጉሬ ላይ ሲደርስ ዘሎ አያልፍም ነበር። በበቆጂ ከአየሩ ሌላ አንድ ነገር ነበረ። አሠልጣኝ ሥንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ግቢ ጀምሮ እያዩ የሚለዩ፣ ማለዳ ተነሥተው የሚያሠለጥኑ። ከዚያ አንዲት የሰፈር ልጅ ታሸንፋለች፤ ከእሷ ኋላ ያለችው ታናሿ «እሷ ከቻለች እኔስ?» ብላ ትነሣለች። ይህ ነገር በሜትር አይለካም።

አየሩ አላዋጣው ያለ ሰው ወደ ደም ይሸሻል። ዘር ከልጓም ይስባል ይላል ተረታችን። ተረት ግን ለሁለቱም ወገን ጠበቃ ሆኖ ይቆማል፤ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች የሚለውም የእኛው ነው። አንደኛው በዘር ይፈርዳል፣ ሌላኛው በውሎ። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቻቸው ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዓመታት ይህንን ጉዳይ አገራችን መጥተው መርምረዋል። የታወቁት ሯጮቻችን በብዛት ከአርሲና ከሸዋ መውጣታቸውን፣ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ረጅም መንገድ እየሮጡ ትምህርት ቤት ይመላለሱ እንደነበር አገኙ። በእናት በኩል የሚወረሰውን የዘር ምልክት ሲመረምሩ ግን ሯጩን ከማይሮጠው ወገኑ የሚለይ ነገር አላገኙበትም።

ቻይናውያን ለዚህ ለዘርና ለአፈር ክርክር አንድ የቆየ ታሪክ አላቸው። በቋንቋቸው «ቸንግዩ» የሚሏቸው አባባሎች ሞልተዋል። አብዛኞቹ አራት ፊደል ብቻ ናቸው፤ ከአራቱ ፊደል ጀርባ ግን አንድ ሙሉ ታሪክ ተቀምጧል። ፊደሎቹ ሰም፣ ታሪኩ ወርቅ ነው ልንል እንችላለን። ከነዚህ አንዱ ስለ ደቡብ ብርቱካንና ስለ ሰሜን መራራ ፍሬ ይናገራል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያን ይንግ የሚባል የቺ መንግሥት ሹም ወደ ቹ መንግሥት በመልእክተኛነት ይሄዳል። የቹ ንጉሥ እንግዳውን ሊያዋርደው ፈልጎ፣ ግብዣው ላይ ተቀምጠው ሳለ አንድ የታሰረ ሰው በፊታቸው እንዲያልፍ ያደርጋል። «ማነው?» ሲል ይጠይቃል ንጉሡ። የቺ ሰው ነው፣ ሲሰርቅ ተይዞ ነው ይሉታል። ንጉሡም ወደ እንግዳው ዞር ብሎ፣ የአገርህ ሰዎች ስርቆት ተፈጥሯቸው ነው እንዴ ይለዋል። ያን ይንግ አልደነገጠም። ከሁዋይ ወንዝ በስተደቡብ የበቀለ ብርቱካን ጣፋጭ ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ በሰሜን ሲበቅል ግን መራራ ይሆናል፤ ቅጠሉ ይመሳሰላል፣ ጣዕሙ ይለያል፤ ውሃውና አፈሩ ስለተለየ ነው አለው። ይህም ሰው በአገሩ ሳለ አይሰርቅም ነበር፤ እዚህ መጥቶ ሰረቀ፤ የእናንተ ውሃና አፈር ይሆን ሌባ ያደረገው? ንጉሡ ስቆ ተሸነፈ።

መልሱ ያስደስታል። ግን ልብ በሉ፤ ያን ይንግ የንጉሡን ስድብ ገልብጦ መለሰለት እንጂ አላፈረሰውም። ንጉሡ «ዘራችሁ ነው» አለ፣ ያን ይንግ «አፈራችሁ ነው» አለ። የታሰረውን ሰው ግን ማንም አላነጋገረውም። ለምን ሰረቅህ? ርቦህ ነው? ልጅ ታሞብህ ነው? በእውነት ሰርቀሃልስ? ሁለቱ ሊቃውንት ስለ አገር ሲራቀቁ ሰውየው ገመዱን እንደታሰረ አለፈ።

ደግሞም የዘመኑ የዕፅዋት ሊቃውንት እንደሚሉት የሰሜኑ መራራ ፍሬ ብርቱካን ኖሮ የተበላሸ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ሌላ ዓይነት ተክል ነው። የሚገርመው ግን ይህ አይደለም። ያ መራራ ዛፍ ብርድ ይችላል፤ ሥሩም ብርቱ ነው። ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ የፍራፍሬ ገበሬዎች የጣፋጩን ብርቱካን ቅርንጫፍ በመራራው ዛፍ ሥር ላይ አጣብቀው ያሳድጋሉ። ጣፋጩ ፍሬ በመራራው ሥር ቆሟል ማለት ነው። ዘር ነው አፈር ነው ሲባባሉ ለኖሩት ሁሉ መልሱ በገበሬው ጓሮ ነበር፤ ሁለቱን አጣብቆ ያሰረ አንድ እጅ አለ።

ዛሬ ወንዝ የሚሻገረው ብርቱካን በዝቷል። አይሊን ጉ የተወለደችው በሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ በ2022ቱ የክረምት ኦሊምፒክ ግን ለእናቷ አገር ለቻይና ተወዳድራ ሁለት ወርቅና አንድ ብር አገኘች። ሲፋን ሐሰን አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ኔዘርላንድስ ገባች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ማራቶን የኛዋን ትግስት አሰፋን በጥቂት ሰከንድ ቀድማ ለኔዘርላንድስ ወርቅ አመጣች። ያን ዕለት ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ያው የእኛው ናት» አለ፤ ገሚሱ «አመለጠችን» አለ። ሁለቱም ግን እንደ ንብረት ነበር የሚያወሩት። ልጅቷ በ15 ዓመቷ ብቻዋን ቋንቋ በማታውቅበት አገር ስትገባ የእኛ ነበረች ወይስ የእነሱ? ለዚያ ዕለት ባለቤት ነኝ የሚል ወገን አልተገኘም።

ይህን ነገር ሳሰላስል ወደ አበበ ቢቂላ እመለሳለሁ። አበበ በጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዓለም ያየው አገርን ነው። ተራራው፣ ነፃነቱ፣ የኢጣልያ ወረራ፣ የአክሱም ሐውልት፣ ይህ ሁሉ አብሮት ሮጠ። ትክክልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ከአደጋው ጥቂት ዓመት በኋላ ኖርዌይ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ጨዋታ ላይ ተገኝቶ፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። በበረዶ ላይ! በበረዶ ጌቶች አገር! ይህንን ድል በአየር የሚያስረዳ አለ? የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ በደሙ ውስጥ የበረዶ ጋሪ ነበረው የሚል አለ? የለም። አፈር የሚባል ምክንያት በጠፋበት በዚያ ቦታ የቀረን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እምቢ ያለ አንድ ሰው። በሮማ አገሩን አየን፤ በኖርዌይ ሰውየውን አየን። ግን እኮ ሮማ ላይ የሮጠውም ያው ሰው ነበር።

ሮቤል ተክለማርያምም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ በስኪ በመወዳደር በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ተወዳደረ። ኢትዮጵያ መጥቶ ሲለማመድ በረዶ ስለሌለ ጎማ የተገጠመለት ስኪ አድርጎ አስፋልት ላይ ይንሸራተት ነበር። በሁለቱም ውድድር ከኋለኞቹ ተርታ ነው የጨረሰው። ማንም ግን «አሳፈረን» አላለውም፤ ከአስፋልት ተነሥቶ እዚያ መድረሱን አይተን አደነቅነው። አሁን ይህንን ዓይን ይዘን ወደ ሳጉሬ መንገድ እንመለስ። በማለዳ የሚሮጠው ልጅ በዞን ውድድር 15ኛ ቢወጣ እንደ ሮቤል እናየዋለን? አናየውም። «በዚህ አየር፣ በዚህ ወተት 15ኛ?» እንለዋለን።

ሳጉሬ ውስጥ ረጅም ዘመን ያስተማሩ አንድ አዛውንት መምህር ጋር ስለዚህ ጉዳይ ተጨዋውተን ነበር። አጠገባችን የነበረ ጎልማሳ «ጋሼ፣ ይህ አየር እኮ ለሩጫ የተፈጠረ ነው» አላቸው። «አየሩማ ለሁላችንም ነው» አሉት፤ «እኔም ይህንኑ ስተነፍስ ኖሬ ይኸው በከዘራ እሄዳለሁ። አየህ ልጄ፣ ይህ ወሬ ነው ልጆቹን የሚጎዳቸው። ያሸነፈውን አየሩ ረዳው ትላላችሁ። ያላሸነፈውንስ ማን በደለው ልትሉ ነው?» ጎልማሳውም እኔም መልስ አልነበረንም። መምህሩ የሚያውቁት ደብተራቸውን ጥለው ለሩጫ የወጡትን ልጆች ነው። ከመቶው አንዱ ቢቀናው ስሙን እናውቀዋለን፤ የቀሩት ግን ሃያ ዓመት ሲሞላቸው የተጎዳ ጉልበትና ያልተጨረሰ ትምህርት ይዘው ይመለሳሉ። ለእነሱ አየሩ ምስክር ሆኖ አይቆምላቸውም፤ ይመሰክርባቸዋል እንጂ።

ሌላም ቸንግዩ አለ፤ ሜንሲየስ የተባለው ፈላስፋ ከተናገረው ታሪክ የመጣ። አንድ ገበሬ ቡቃያው ዘገየበትና እያንዳንዱን እየመዘዘ ከፍ አደረገው። ማታ ቤቱ ገብቶ «ደከመኝ፣ እህሉን ሳሳድግ ዋልሁ» አለ። ልጁ ሮጦ ሄዶ ቢያይ ቡቃያው ጠውልጓል። የሳጉሬ ገብስ ገበሬ ይህንን ቢሰማ ይስቃል። በልጆች ላይ ሲደረግ ግን አንስቅም። ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ለአገር ክብር ስትል ለታዳጊ ስፖርተኞቿ ሳያውቁት መድኃኒት ትሰጥ ነበር፤ ሜዳሊያው ለመንግሥት፣ በሽታው ለልጆቹ ሆነ። ኖርዌይ በአንጻሩ በ1987 ለልጆች ስፖርት ደንብ አወጣች፤ ልጆች እስከ 13 ዓመታቸው ለብሔራዊ ሻምፒዮና አይሰለፉም፤ መጫወት፣ ጓደኛ ማፍራት፣ መደሰት ይቀድማል። በረዶው ያው ድሮም የነበረው በረዶ ነው፤ የተጨመረው ትዕግሥት ነው።

እንግዲህ አፈሩንም ሰውየውንም ሳንክድ እንዴት እንይ? እኔ ይህንን የማየት ዘዴ ያገኘሁት ከስፖርት ሜዳ ሳይሆን ጃዝ ከማዳመጥ ነው። ጃዝ ሲጀመር ሁሉም አንድ ዜማ አብረው ይጫወታሉ። ከዚያ አንዱ፣ ሳክስፎኑ እንበል፣ ተነጥሎ ይወጣና የራሱን ይናገራል። አዳራሹ የሚያጨበጭበው ለእሱ ነው። ለጃዝ አዲስ የሆነ ጆሮ የሚሰማው እሱን ብቻ ነው። ጆሮ እየለመደ ሲሄድ ግን ከሥር ቤዙ እንዳልቆመ፣ ከበሮው ጊዜውን እንደያዘ፣ ፒያኖው በመሐል ጣል የሚያደርጋት ድምፅ ብቸኛውን ተጫዋች ወዴት እንደመራችው ይሰማል። በደንብ የሚያዳምጥ ሰው ለሳክስፎኑ ያጨበጭባል፣ ቤዙንም አይረሳም፤ ቤዙ ነው ሳክስፎኑን የተጫወተው ግን አይልም።

የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ እንመልከት። ሙላቱ ጅማ ተወልዶ ምሕንድስና እንዲማር ዌልስ ተላከ፤ ሙዚቃ ይዞት ለንደንና ቦስተን ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ላይ የኛን አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ከጃዝ ኅብረ ድምፅ ጋር አጣመረ። ቅኝቱ ከእሱ በፊት ነበረ፤ የስንት አዝማሪ ልፋት ነው። ጃዙም ከእሱ በፊት ነበረ፤ የጥቁር አሜሪካውያን ሐዘንና ደስታ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚጫወትለት ሙዚቀኛ ማግኘቱም እንዲያው የመጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው ከአርባዎቹ የአርመን ልጆችና ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ኋላም ከወንድሙ ልጅ ከነርሲስ ናልባንዲያን የተማረ ሰው ያስተማረው ሰው አለበት። ይህ ሁሉ ሥር ነው፤ መራራም ጣፋጭም። ያጣበቀው እጅ ግን የሙላቱ ነው።

ጃዝ ሩቅ ነው ለሚለኝ ደግሞ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን አስታውሰዋለሁ። ጌታቸው ሽለላውንና ፉከራውን ወደ ሳክስፎን አመጣው፤ የውጭ አገር አድማጮች ሲሰሙት የእነሱ ጃዝ መሰላቸው። በፉከራ ሥርዓት ፎካሪው ዘራፍ ብሎ ሲነሣ የአባቱን ስም ይጠራል፣ ያደገበትን ምድር ይጠራል፣ ፈረሱንም ጭምር ያነሣል። ከዚያ በኋላ «እኔ» ይላል፤ የሠራውንም ይቆጥራል። አባቱ ስለተጠራ የእሱ ጀግንነት አያንስም፤ እሱ ስለፎከረም አባቱ አይረሳም። አያቶቻችን ይህንን ሚዛን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

እኛ ግን ግማሹን ጥለናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የድሉን ሎሚ ስንካፈል ሃምሳ አይደለንም፣ መቶ ሚሊዮን ነን፤ ሽንፈቱን ግን ለአንድ ልጅ አሸክመን እንሄዳለን። በድል ቀን አፈሩ ያሸንፋል፤ በሽንፈት ቀን ልጁ ይሸነፋል። ይህ ስለ ስፖርት ያለን አስተያየት ብቻ ሳይሆን ፍትሕ የጎደለው ሒሳብ ነው። አየሩ የሁላችን ከሆነ፣ በዚያ አየር የሮጡት ልጆች ሁሉ፣ የቀደሙትም የቀሩትም፣ የሁላችን ናቸው። ባለ ወርቋን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ የሚቀበል አገር፣ ጉልበቱ ተጎድቶ የተመለሰውን ልጅ ያቋረጠው ክፍል ውስጥ መልሶ የሚያስገባበት በርም ሊኖረው ይገባል። ያ በር ክፍት እስካልሆነ ድረስ «ድሉ የሁላችን ነው» ማለታችን፣ ፍሬው ሲበስል ብቻ ወደ ዛፉ እንደሚመጣ ጎረቤት ያደርገናል።